ሬጉላርና ሌንቴ በአንድ መርፌ፦ የጠራው ለምን ይቀድማል?

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂዋ የስኳር ሕመም ያለባቸውን የ58 ዓመት እናታቸውን ቤት ውስጥ ይንከባከባሉ፤ እናትየዋ የሚወጉት ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ነው፦ የጠራው ሬጉላርና ድፍርሱ ሌንቴ። አሳጥረን ስናቀርበው እንዲህ ይላል፦

«ለእናቴ ጠዋት 20 ሌንቴና 8 ሬጉላር፣ ማታ 10 ሌንቴና 6 ሬጉላር ታዞላታል። ሁለቱን በአንድ መርፌ ቀላቅላችሁ ውጉ ተብለናል። እኔ ብዙ ስለሆነ ሌንቴውን አስቀድሜ እቀዳና ሬጉላሩን እጨምርበታለሁ። ሬጉላሩ ከተከፈተ ሁለት ወር አልፎታል፤ ሰሞኑን ውሃው ጉም ጉም ብሏል። ከቁርስ በኋላ ስኳሯ 280 ይደርሳል፤ ወደ 6 ሰዓት ግን ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች። ሥራዬ ሞጆ ስለሆነ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ። መውጋቱን ራሷ ትችላለች፤ ዓይኗ ግን የመርፌውን መስመር አያነብላትም። ጎረቤታችን የሳምንቱን በአንድ ብልቃጥ ቀላቅለሽ አስቀምጪላት ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ ከውጭ ላንተስ የሚባል ባለ ብዕር ኢንሱሊን ልኳል። እሱንስ ከሬጉላሩ ጋር መቀላቀል ይቻላል?»

ከመልሱ ልጀምር። ጉም ያለው ሬጉላር ከዛሬ ማታ ጀምሮ አይወጋም፤ አዲስ ይግዙ። ሲቀዱ ሁልጊዜ ሬጉላሩ ይቀድማል፣ ሌንቴው ይከተላል፤ የመጠኑ ማነስና መብዛት ቅደም ተከተሉን አይለውጠውም። የሳምንት ኢንሱሊን በአንድ ብልቃጥ አይቀላቀልም። ላንተስ ከሬጉላርም ሆነ ከሌንቴ ጋር በአንድ መርፌ አይገባም። ሁለቱን በአንድ መርፌ መውጋቱ ግን ትክክል ነው፤ የታዘዘላችሁም ለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ አገር ድፍርሱን ኢንሱሊን ሁሉ በልማድ «ሌንቴ» እንላለን። ዛሬ በዚህ ስም የሚሰጠው ግን ኤንፒኤች የተባለው ነው፤ ብልቃጡ ላይ ኤን የሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም «አይሶፌን» የሚል ቃል ተጽፎበት ያገኙታል። ሬጉላሩ ላይ ደግሞ አር የሚለው ፊደል አለ። ልዩነቱ ከስምም ያልፋል። የድሮው ሌንቴ በዚንክ የተሠራ ነበር። ትርፍ ዚንኩ ከሬጉላሩ ጋር ስለሚጣበቅ መርፌው ውስጥ ትንሽ ከቆየ ሬጉላሩ ፍጥነቱን ያጣ ነበር። ኤንፒኤች ግን ከሬጉላር ጋር ሲቀላቀል ሁለቱም የየራሳቸውን ባሕርይ ይዘው ይቆያሉ። በአንድ መርፌ እንዲቀላቀሉ የሚፈቀደውም ለዚህ ነው።

ኤንፒኤች የሚዘገየው ፕሮታሚን በተባለ ከዓሣ በሚገኝ ፕሮቲን ስለሚያዝ ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ሃገዶርን በ1936 እ.ኤ.አ. ፕሮታሚን የተጨመረበት ኢንሱሊን ከቆዳ ሥር ቀስ እያለ ወደ ደም እንደሚገባ አሳየ። በ1946 ደግሞ ኢንሱሊኑና ፕሮታሚኑ አንዱም ሳይተርፍ ተመጣጥነው የሚያዙበት ኤንፒኤች ተሠራ፤ በስሙ ውስጥ ያለው ኤች የሃገዶርን ነው። ድፍርስ መልኩ ከዚያ የመጣ ነው፦ ፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉት ጥቃቅን የኢንሱሊንና የፕሮታሚን ክሪስታሎች ናቸው። ብልቃጡ ሲቀመጥ እንደ ጀበና አተላ ወደ ታች የሚዘቅጡትም እነሱ ናቸው። ሬጉላሩ ግን የሚይዘው የለም፤ ሟሙቶ የተቀመጠ ኢንሱሊን ስለሆነ እንደ ውሃ ይጠራል፣ ቶሎም ይሠራል።

አሁን እናትዎ ቤት የሆነውን እንይ። ሌንቴውን አስቀድመው ሲቀዱ መርፌው ጫፍ ላይና ውስጡ ድፍርስ ይቀራል። ያንኑ መርፌ ሬጉላሩ ብልቃጥ ውስጥ ሲሰኩ ጥቂት ድፍርስ አብሮ ይገባል። አንድ ጊዜ ቢሆን ለዓይን አይታይም። ነገር ግን በቀን ሁለቴ፣ ለሁለት ወር፣ 120 ጊዜ ያህል ተሰክቷል። የገባው ድፍርስ እየተጠራቀመ ሬጉላሩን በዘገምተኛ ኢንሱሊን ይበርዘዋል። ያዩት ጉም ይህ ሊሆን ይችላል። ሬጉላሩ ቀድሞ ሲቀዳም ጥቂት የጠራ ኢንሱሊን ወደ ሌንቴው ብልቃጥ መግባቱ አይቀርም፤ ጉዳቱ ግን አነስተኛ ነው፤ በሌንቴው ውስጥ ትርፍ ፕሮታሚን ስለሌለ የገባው ጠብታ ራሱን ሆኖ ይቆያል፣ ከብልቃጡም ብዛት አንጻር ኢምንት ነው።

ይህ የስኳር ቁጥሮቹንም በከፊል ሊያስረዳ ይችላል። ደኅና ሬጉላር ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ያልቃል። ኤንፒኤች ከ1 እስከ 2 ሰዓት በኋላ ይጀምርና ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋው ሬጉላር ቁርሱን ሊሸፍን ይገባ ነበር። በዘገምተኛ ኢንሱሊን ከተበረዘ ግን ቁርሱ በደንብ ሳይሸፈን ያልፍና ስኳሩ ከፍ ይላል። ዘገምተኛው ክፍል ከሌንቴው ጋር አብሮ የሚበረታው ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ነው፤ ምሳ ሳይደርስ ላብና መንቀጥቀጥ ይመጣል። ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ሬጉላሩ አልበቃትም» ብሎ መጠኑን ከፍ ያደርጋል። ያን ጊዜ በቀን የስኳሩ መውደቅ ይብሳል። በተበላሸ ብልቃጥ መጠን አይስተካከልም።

ጥፋቱ ሁሉ የቅደም ተከተሉ ነው ማለቴ አይደለም። ብልቃጡ ሁለት ወር ያለፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር፣ 1000 ዩኒት ነው። እናትዎ በቀን 14 ዩኒት ሬጉላር ስለሚወስዱ ብልቃጡ ከ70 ቀን በላይ ያደርሳል። የተከፈተ ብልቃጥ የሚያገለግለው ግን በአማካይ 4 ሳምንት ነው። በ28 ቀን የሚወስዱት 392 ዩኒት ብቻ ስለሆነ ቀሪው 600 ይደፋል ማለት ነው። በዚህ ዋጋ መድፋት እንደሚያም አውቃለሁ። ሆኖም የደከመ ኢንሱሊን ውሃ እንደመውጋት ነው፤ ገንዘቡ ተከፍሎም ስኳሩ አልወረደም። ሌንቴው በቀን 30 ዩኒት ስለሆነ በ28 ቀን 840 ይሄዳል፤ እሱ ላይ የሚደፋው ትንሽ ነው። ብልቃጥ በከፈቱ ቁጥር ቀኑን በፕላስተር ጽፈው ይለጥፉበት።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም ከቁርስ በኋላ ስኳርን ከፍ ያደርጋሉ፤ እነሱንም ይመርምሩ። አንደኛው ተወግቶ ወዲያው መብላት ነው። ሬጉላር ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት መወጋት አለበት። ሁለተኛው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መውጋት ነው። ከቆዳ ሥር የሚፈጠረው ድድር ያለ እብጠት አያምም፤ ስለማያምም ሰው ይወደዋል፣ ኢንሱሊኑ ግን ከዚያ አንድ ቀን ፈጥኖ፣ ሌላ ቀን ዘግይቶ ይገባል። እጅዎን በሳሙና አርጥበው የእናትዎን ሆድና ጭን ይዳስሱ፤ ጓል የመሰለ ነገር ካገኙ እዚያ ላይ ለወራት አይወጋም።

ወደ አቀዳዱ ልለፍ። ከሁሉ በፊት ስሪንጁ ነው። ብልቃጡ ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይላል፤ ስሪንጁም ዩ-100 የሚል ይሁን። የዩ-100 ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ብርቱካናማ፣ የዩ-40 ደግሞ ቀይ ነው። በዩ-40 ስሪንጅ እስከ 20 መስመር ከቀዱ የቀዱት 50 ዩኒት ነው፤ ሁለት እጥፍ ተኩል። እንዲህ ያለው ስሕተት ሰው ሊገድል ይችላል። ለእናትዎ የጠዋቱ ድምር 28 ስለሆነ የግማሽ ሚሊ ሊትሩ፣ ባለ 50 ዩኒቱ ስሪንጅ ይሻላል፤ እያንዳንዱ መስመር 1 ዩኒት ነው። በባለ 100ው አንዱ መስመር ብዙ ጊዜ 2 ዩኒት ስለሆነ መስመር ቆጥሮ የሚቀዳ ሰው ይሳሳትበታል።

መርፌው ከስሪንጁ ጋር ተያይዞ የተሠራ፣ የማይነቀል ይሁን። በሚነቀለው ላይ አንገቱ ውስጥ ፈሳሽ ይቀራል፤ ለአንድ ዓይነት ኢንሱሊን ብዙ ችግር የማያመጣው ይህ ትርፍ በቅልቅል ጊዜ ድርሻውን ያዛባል። አንገቱ 5 ዩኒት ያህል ይይዛል እንበል። 8 ሬጉላር ቀዳሁ ሲሉ አንገቱ ውስጥ ያለው 5 ተጨምሮ የቀዱት 13 ነው። ሌንቴው ጋ ሄደው እስከ 28 ሲስቡ መጀመሪያ የሚገባው ያ 5 ሬጉላር ነው፤ ከሌንቴው የሚገባው 15 ብቻ ሆኖ ሌላው 5 ሌንቴ አንገቱን ይሞላል። ሲወጉ በግምት 11 ሬጉላርና 17 ሌንቴ ይደርሳቸዋል። መስመሩ 28 ይላል፣ ያረፈው ግን የታዘዘው አይደለም።

ስሪንጁ በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ይሁን። አንድ ስሪንጅ ለብዙ ቀን የሚጠቀሙ ቤተሰቦች አሉ፤ ምክንያታቸው ችግር ነው፤ እፈርድባቸዋለሁ ማለት አይደለም። ነገር ግን ቅልቅል የተወጋበት መርፌ ውስጡ ድፍርስ ይዞ ስለሚያድር፣ በነጋታው ሬጉላሩን ቢያስቀድሙ እንኳ ድፍርሱን ይዞ ይገባል። ቅደም ተከተሉ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቆጥቡ የምትባሉበት ነገር ቢኖር እንኳ ለቅልቅል ስሪንጅ ላይ አይሁን።

እጅ ይታጠቡ። የሌንቴውን ብልቃጥ በሁለት መዳፍ መካከል አጋድመው 20 ጊዜ ያህል ያንከባልሉት፣ ገልበጥ ገልበጥም ያድርጉት፤ ሥሩ ላይ ነጭ ዝቃጭ እስከማይቀርና ወተት እስኪመስል ድረስ። አይናጥ፤ አረፋ ይሠራል፣ አረፋ ሲኖር መጠኑ ይጎድላል። ተንከባልሎም እብጥብጥ ወይም ቅንጣት ከታየበት፣ ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ እንደ ውርጭ ተለጥፎ ከቀረ ተበላሽቷልና ይጣል። የሁለቱንም ጎማ በአልኮል ይጥረጉና እስኪደርቅ ይጠብቁ።

ከዚያ አየር ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ስሪንጁን እስከ 20 በአየር ይሳቡና ብልቃጡን ሳይገለብጡ ወደ ሌንቴው ይግፉት። የመርፌው ጫፍ ፈሳሹን አይንካ። ባዶውን መርፌ ያውጡ። አሁን እስከ 8 አየር ይሳቡና ወደ ሬጉላሩ ይግፉ፤ መርፌውን ሳያወጡ ብልቃጡን ገልብጠው 8 ዩኒት ሬጉላር ይሳቡ። የአየር አረፋ ካለ ስሪንጁን በጣት መታ መታ አድርገው ወደዚያው ወደ ሬጉላሩ መልሰው ያስወጡት፣ እንደገና 8 ላይ ያቁሙት። አረፋው ቆዳ ሥር ቢገባ ራሱ አይገድልም፤ የኢንሱሊኑን ቦታ ግን ይይዛል። ይህን ማረም የሚቻለው አሁን ብቻ ነው፤ ሌንቴው ከገባ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ቀጥሎ መርፌውን ሌንቴው ውስጥ ሰክተው ይገልብጡ፤ አውራ ጣትዎ መግፊያውን እንዳይነካ ተጠንቅቀው በቀስታ እስከ 28 ይሳቡ። መጀመሪያ አየር የገባው ለዚህ ነው። ካልገባ ብልቃጡ ይጎትትና ከስሪንጁ ውስጥ ሬጉላር ይስባል፤ ከበዛ ደግሞ ድፍርሱ በራሱ ተገፍቶ ከመስመሩ ያልፋል። እስከ 28 ሲስቡ 30 ቢደርስብዎ ሁለቱን ዩኒት ወደ ብልቃጡ መልሰው አይግፉ። መርፌው ውስጥ ያለው አሁን ቅልቅል ነው፤ ከተመለሰው ውስጥ ስንቱ ሬጉላር ስንቱ ሌንቴ እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሁሉንም ደፍተው በአዲስ ስሪንጅ ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ማታም እንዲሁ ነው፦ አየር 10 ለሌንቴ፣ አየር 6 ለሬጉላር፣ 6 ሬጉላር፣ እስከ 16 ሌንቴ።

የተቀላቀለው ወዲያው ይወጋ። ጠዋት ሆድ ላይ፣ ከእምብርት ሁለት ጣት ራቅ ብሎ፤ ከሆድ ኢንሱሊኑ ቶሎ ይገባል፣ ቁርስም የሚፈልገው ይህን ነው። ማታ የጭን የላይኛው ውጪያዊ ክፍል ይመረጣል፤ ሌንቴው ቀስ ብሎ ስለሚገባ ሌሊቱን ያረጋጋል። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገው ይውጉ፣ እስከ 10 ቆጥረው ያውጡ፣ አይሹት። በየቀኑ ከትናንቱ አንድ ጣት ያህል ይራቅ። ያገለገለውን መርፌ ክዳን ሳይመልሱ ወፍራም ጠርሙስ፣ ለምሳሌ ባዶ የበረኪና ዕቃ ውስጥ ይክተቱት፤ ሲሞላ ለጤና ጣቢያው ይሰጣል።

የጎረቤትዎ ሐሳብ ከደግነት የመጣ ነው፤ ግን አይሠራም። የጠዋቱ ድርሻ 20 ለ8፣ የማታው 10 ለ6 ነው፤ አንድ ብልቃጥ ሁለቱን ድርሻ ሊይዝ አይችልም። ድፍርሱም ስለሚዘቅጥ በደንብ ሳይንከባለል የተቀዳ ቀን ሬጉላር በዝቶ ይወጣል። የአንድ ሰው ንጽሕና ጉድለት ደግሞ የሳምንቱን ሁሉ ይበክላል።

ለእርስዎ ችግር ሌላ መንገድ አለ። ፍሪጅ ካለ ከመውጣትዎ በፊት የዚያን ጠዋት ብቻ ቀድተው፣ ክዳኑ እንደተከደነ፣ መርፌው ወደ ላይ ሆኖ ብርጭቆ ውስጥ አቁመው ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ኤንፒኤችና ሬጉላር ይህን ይቋቋማሉ። መርፌው ወደ ታች ከሆነ ዝቃጩ ጫፉን ይደፍነዋል። እናትዎ ከመወጋታቸው በፊት ስሪንጁን በመዳፋቸው መካከል ሞቅ እስኪል፣ ድፍርሱም እስኪመሳሰል በቀስታ ያንከባልሉት። ጠረጴዛ ላይ ግን ተቀድቶ አይተው፤ ከአንድ መጠን በላይም አይቀመጥ፣ ሁለት ስሪንጅ ጎን ለጎን ካደረ ረስቶ ሁለቴ መውጋት ይመጣል። ይህን ከመጀመርዎ በፊት ለሚከታተሉበት ነርስ ይንገሩ።

ሁለተኛው አማራጭ በፋብሪካ የተቀላቀለው፣ 70/30 የሚባለው ነው፤ 70 በመቶው ዘገምተኛ፣ 30 በመቶው ፈጣን ማለት ነው። ሂሳቡን እንሥራው። ጠዋት 28 ዩኒት ቢወስዱ 19.6 ዘገምተኛና 8.4 ፈጣን ይሆናል፤ አሁን ከታዘዘው ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ማታ 16 ቢወስዱ 11.2 እና 4.8 ይሆናል፤ እዚህ ላይ የእራቱ ሽፋን ያንሳል፣ የሌሊቱ ይበዛል። ቀላል ልዩነት ይመስላል፤ ማታ 1 ሰዓት የተወጋ ሌንቴ ግን ሌሊት 8 ሰዓት አካባቢ ብርቱ ነው፣ ሁሉ ሰው የተኛበት ሰዓት። ስለዚህ በራስ አይቀየርም፤ ሐኪሙ የማታውን አስልቶ ይስጥ። የ70/30 ሌላው ገደብ አንዱን ብቻ መቀነስ አለመቻሉ ነው። የምሳ ሰዓቱ መውደቅ ከቀጠለ ሐኪሙ የጠዋቱን ሌንቴ ብቻ ዝቅ ማድረግ ሊፈልግ ይችላል፤ በተቀላቀለው ይህ አይሆንም። 70/30 ላይ ሬጉላር ወይም ሌንቴ መጨመርም የለም። ሦስተኛው ሁለት ለየብቻ መውጋት ነው። ምንም ጉዳት የለውም፣ የሚጨምረው አንድ ስሪንጅና አንድ ውግ ብቻ ነው። አቀዳዱ እስኪለመድ ድረስ ይህን ቢያደርጉ እደግፋለሁ።

ላንተስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ያለው አደጋ ስውር ነው። መድኃኒቱ ግላርጂን ይባላል፣ እንደ ሬጉላር የጠራ ነው። ግን የጠራው አሲድ ሆኖ ስለተሠራ ነው። ቆዳ ሥር ሲገባ አሲድነቱ ይጠፋና ይረጋል፣ ከዚያ ቀስ እያለ 24 ሰዓት ያህል ይለቀቃል። ከሬጉላር ወይም ከሌንቴ ጋር በስሪንጅ ከተገናኘ መርጋቱ እዚያው ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚሠራ አይታወቅም። «የጠራ ሁሉ ሬጉላር ነው» የሚል ልማድ ካለ ደግሞ አንድ ቀን በሬጉላር ፈንታ ይወጋል። ስለዚህ ብዕሩን ከሬጉላሩ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ አያስቀምጡ። ከብዕር በስሪንጅ መቅዳትም አይገባም። ላንተስ ሌንቴን ሊተካ ይችላል፣ በላዩ አይደረብም። ሲተካም በቀን ሁለቴ ሌንቴ ለሚወስድ ሰው መነሻው ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ሌንቴ 80 በመቶ ነው፤ ይህን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመው ያስቡበት፦ ወንድምዎ መላኩን ሊቀጥል ይችላል ወይ? አንድ ብዕር ሲያልቅ ወደ ሌንቴ፣ ሲመጣ ወደ ላንተስ መመላለስ ከሁለቱም የከፋ ነው።

የአዳማን ሙቀት ሳልጠቅስ አላልፍም። ያልተከፈተው ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ ከበረዶ ክፍሉ ይራቅ፣ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቀልጦ ቢጠራም ሞቷል። የተከፈተው ውጭ መቀመጥ ይችላል የሚባለው ቤቱ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ከመጋቢት እስከ ሰኔ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከቀትር በኋላ ያለው ሙቀት ከ30 ዲግሪ ስለሚያልፍ የተከፈተውም ፍሪጅ ቢገባ ይሻላል። ፍሪጅ በሌለበት ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ አድርጎ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ መሙላት፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ ውስጠኛው ላይ ማስቀመጥ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ከድኖ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማኖር ነው። አሸዋው ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣ። ከመድኃኒት ቤት ሲመጡም ብልቃጡ የባጃጁ ፊት መስታወት ሥር አይቀመጥ።

ስለ ጾም አልጠየቁም፤ ግን ዐቢይ ጾምም ይሁን ረመዳን ጠዋት ይህን ቅልቅል ተወግቶ ሳይበሉ መዋል አይቻልም። ቁርስ የሚጠብቀው ሬጉላር ባዶ ሆድ ያገኛል፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ሌንቴው በሚበረታበት ሰዓት ሁሉ ምግብ የለውም። መጠኑን በግማሽ ቀንሶ መጾም የሚባለውም የግምት ሥራ ነው። አስቀድሞ ከሐኪም፣ ከዚያ ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም ጋር መነጋገር ይገባል።

ላብና መንቀጥቀጥ በመጣ ጊዜ ስኳሩ ይለካ፤ መለኪያ ከሌለ አይጠበቅ። ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፤ ካልወጣ ይደገም፣ ሲወጣ ዳቦ ወይም እንጀራ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። በተቃራኒው ስኳሩ ከ300 አልፎ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም ወይም ፈጣን ትንፋሽ ካለ ያም የዚያኑ ቀን የሆስፒታል ጉዳይ ነው።

ለዚህ ሳምንት የምመክርዎ ይህን ነው። ዛሬ አዲስ ሬጉላርና የማይነቀል ባለ 50 ዩኒት ስሪንጅ ይግዙ። ሌንቴው መቼ እንደተከፈተ ካላወቁ እሱንም ይቀይሩ። የታዘዘውን መጠን ሳይነኩ፣ ሬጉላሩን አስቀድመው፣ ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ይስጡ፤ ላንተሱ ሳይከፈት ፍሪጅ ይቆይ። አዲሱ ሬጉላር ሙሉ ኃይል ስላለው ከአሮጌው ይበልጥ ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት እናትዎ ብቻቸውን አይዋሉ፤ ከቁርስ በፊት፣ ከቁርስ 2 ሰዓት በኋላ፣ ከምሳ በፊትና ሲተኙ ይለኩ፤ አንድ ሌሊት ደግሞ 8 ሰዓት ላይ ተነሥተው ይለኩ። ቁጥሩን ከተወጉበት ሰዓት ጋር ደብተር ላይ ይጻፉ። ከምሳ በፊት ያለው ሁለት ቀን ከ70 በታች ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ። ደብተሩን፣ ሁለቱን ብልቃጥና አንድ ስሪንጅ ይዘው ወደሚከታተሉበት ክሊኒክ ይሂዱ፤ እዚያ ነርሷ ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ቀድተው ያሳዩ።